ከአፍ የሚወጣ ደም፦ ያልተጠየቁ ጥያቄዎች

ጀልዴሳ ላይ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ንግግር

ዛሬ የምናወራው ከአፍ ስለሚወጣ ደም ነው። ዱላ ሳይመታው፣ ጥርስ ሳያስነቅል፣ በደህናው ቀን ምራቁን እንትፍ ሲል ደም ስለሚያይ ሰው ነው። ቤተሰብ ይደነግጣል። አንዱ «መጋኛ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዓይን በልቶት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ሳንባው ተነክቷል» ብሎ ሰውየውን ከማዕድ ያርቀዋል፣ ብርጭቆውን ይለይበታል። ጤና ተቋም ከደረሰም በኋላ ካርዱ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ መድማት» ተብሎ ተጽፎለት፣ ጥቂት ኪኒን ይዞ የሚመለስ ብዙ ነው።

እኔ እንደማምነው ያልታወቀ ከምንለው ውስጥ ብዙው ያልተጠየቀ ነው። ምን ውሃ ጠጣህ? ሰሞኑን አተኮሰህ? ምን ነከሰህ? ወተትና አትክልት ካጣህ ስንት ወር ሆነህ? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? እነዚህን ለመጠየቅ ማሽን አያስፈልግም። ጊዜና ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል፤ ከሕመምተኛው በኩል ደግሞ ሳያፍሩና ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ የመጣሁት እነዚህ ጥያቄዎች ለምን እንደሚጠየቁ ልነግራችሁና እናንተም ሳትጠየቁ ቀድማችሁ እንድትናገሩ ልለምናችሁ ነው።

ከውሃ ልጀምር። ጀልዴሳ ለውሃ እንግዳ አይደለችም። ድሬዳዋ ገና ከተማ ሳትሆን ጀልዴሳ በካርታ ላይ የታወቀች ነበረች። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ በረሃውን ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ የሐረርን ዳገት ከመያዙ በፊት ግመሉን የሚያሳርፈው እዚህ ነበር። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ሐዲዱ ሄደ፤ የቆላው ኑሮ ግን እንደ ጥንቱ ውሃ ባለበት ዙሪያ ቀጠለ። ሰውም ግመልም ፍየልም ከዚያው ኩሬ፣ አሸዋው ተቆፍሮ ከሚፈልቀው ከዚያው ውሃ ይጠጣል። በተለይ እረኛ ልጅ መቅጃ አይዝም። ተንበርክኮ በአፉ ይጠጣል፣ ወይም በእፍኙ።

እንዲህ በሚጠጣበት ጊዜ አብራው ልትገባ የምትችል ፍጡር አለች፤ አልቅት፣ በኦሮምኛ ዱላንዱላ የምትሏት። ከብት የሚጠብቅ ሁሉ ያውቃታል፤ ከላም አፍና ከአህያ አፍንጫ ስትወጣ አይቷል። የሚገርመው ከብቱ ላይ ወዲያው የሚጠረጥራት ሰው ልጁ ላይ አለመጠርጠሩ ነው። የአገራችን ሐኪሞች በሕክምና መጽሔቶች ካወጧቸው የሕመምተኛ ታሪኮች መካከል ሳምንታት ሙሉ ደም ሲተፉ ቆይተው በመጨረሻ ጉሮሯቸው ውስጥ አልቅት የተገኘባቸው ሕፃናት አሉ። አንዳንዶቹ ሲደርሱ ደማቸው ከማለቁ የተነሳ ደም ተሰጥቷቸዋል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። ገና ያላደገች አልቅት ከክር ብዙም አትወፍርም፤ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ዓይን አያገኛትም። በአፍ በኩል የምትገባው የአልቅት ዓይነት መንጋጋዋ ደካማ ስለሆነ የእግርና የእጅን ቆዳ መብሳት ያቅታታል፤ የምትፈልገው እርጥቡንና ለስላሳውን የውስጥ ሥጋ ነው። የምላስ ሥር፣ የላንቃ ጀርባ፣ ከአፍንጫ ኋላ ያለው ክፍተት፣ አንዳንዴም የድምፅ ጅማቶች ያሉበት ቦታ ትጣበቃለች። ስትነክስ ሕመሙ አይሰማም። ምራቋ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስላለ፣ ጠግባ ወደ ሌላ ቦታ ብትዘዋወር እንኳ የተወችው ቁስል መድማቱን አያቆምም። እየጠጣች ታድጋለች፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሰው ጣት ልታህል ትችላለች።

ቤት ውስጥ የሚታየው ምልክት ይህ ነው፦ ልጁ ጠዋት ሲነሳ ትራሱ ላይ ደም አለ። ምራቁ ቀይ ነው። ጥርሱንና ድዱን ስታዩት ግን ምንም የለም። «ጉሮሮዬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» ይላል፤ ትልቅ ሰው «ዝም በል» ይለዋል። ድምፁ ይጎረንናል። አንዳንዱ የዋጠውን ደም መልሶ ያስታውከዋል፣ ሰገራውም ይጠቁራል። ውሎ አድሮ ይገረጣል፣ ሲሮጥ ይደክመዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ልጆች «የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» ሲሉ እመኗቸው።

ጤና ባለሙያው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ልጁ ወደ ብርሃን ይዞራል፤ ምላሱ ዝቅ ይደረግና «አ» በል ይባላል። ከላንቃው በስተኋላ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ይታያል። ላይ ላዩን ላየው የረጋ ደም ነው፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ይታለፋል። ጥቂት ቆም ብሎ የተመለከተ ግን ያ «የረጋ ደም» ሲሸበሸብና ሲዘረጋ ያያል። ከዚያ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይረጭባታል ወይም ልጁ በጨው ውሃ እንዲጉመጠመጥ ይደረጋል፤ ይህን ጊዜ መጨበጧ ይላላል። ፎርሴፕስ በሚባለው መቆንጠጫ ተይዛ ቀስ ተብላ ትወጣለች። በኃይል ከተጎተተች መንጋጋዋ ሥጋው ውስጥ ሊቀር፣ ልትበጠስም ትችላለች፤ ተንሸራትታ ወደ አየር ቧንቧ ከገባች ደግሞ ታንቃለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ በወረንጦ ለማውጣት መታገል አይገባም። አንዷ ከወጣች በኋላም አፍና አፍንጫ እንደገና ይታያል፤ ሁለትና ሦስት ሆነው የሚገቡበት ጊዜ አለና። ከወጣች በኋላ መድማቱ ባንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆማል። እንዲህ በቀላሉ የሚድን ሕመም «ያልታወቀ» ተብሎ ልጅን ሲያጠፋ ማየት እኔን ያስቆጣኛል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ1799 እ.ኤ.አ የናፖሊዮን ጦር ከግብፅ ተነስቶ በሲና በረሃ ወደ ሶርያ ሲዘምት፣ በውሃ ጥም የተቃጠሉ ወታደሮች በደረታቸው ተኝተው ከረግረግ ጠጡ። ብዙም ሳይቆዩ ጉሮሯቸው ይቆጠቁጣቸውና ደም ይተፉ ጀመር። የጦሩ ዋና የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ የአንዱን ምላስ ዝቅ አድርጎ ሲመለከት አልቅቷን አያት። በመቆንጠጫ አወጣት፤ መቆንጠጫው የማይደርስላቸውን ኮምጣጤና ጨው ባለበት ውሃ አስጉመጠመጠ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ መፍትሔው ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

በአገራችን ገጠር ለከብት አልቅት የትምባሆ ቅጠል ውሃ በአፍንጫ ማፍሰስ የቆየ ልማድ ነው። አልቅቷን ያስለቅቃት ይሆናል። ለልጅ ግን በፍጹም አታድርጉት። ትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በትንሽ መጠን እንኳ ሕፃንን ይመርዛል፤ ያስመልሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ይልቅ መከላከሉ ይቀላል። ከኩሬ የተቀዳ ውሃ በታጠበ፣ ድርብ በሆነ ጨርቅ ከተጠለለ አልቅት አያልፍም። ጋምቤላ ውስጥ የጊኒ ዎርምን ለማጥፋት በተካሄደው ዘመቻ ሰዉ ውሃውን በጨርቅ እያጠለለ እንዲጠጣ ተደርጎ ትልቅ ውጤት ተገኝቷል። ጨርቅ ተቅማጥን አይከላከልም፣ ለዚያ ማፍላት ወይም የውሃ አጋር የመሰለ ማከሚያ ያስፈልጋል፤ ለአልቅት ግን ይበቃል። እረኛ ልጅ አንገቱ ላይ የሚያስራት ነጠላ ቁራጭ ብትኖረውና በእሷ ላይ አድርጎ ቢጠጣ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

አሁን ወደ ትኩሳቱ። በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ ሰው በብዛት መውደቅ ጀመረ። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን በስተኋላ የሚሰማ ራስ ምታት፣ አጥንት የሚሰባብር ቁርጥማት ነበር። ብዙዎች ወባ መስሏቸው ተመረመሩ፤ ወባ አልተገኘም። በኋላ ሲመረመር ዴንጊ መሆኑ ታወቀ፤ በኢትዮጵያ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የዴንጊ ወረርሽኝ ይህ የድሬዳዋው ነበር። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ታሟል። በ2011 ዓ.ም ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጥቶ አስር ሺዎችን አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትባል፣ እግሯ ነጭና ጥቁር ቀለበት ያለው፣ በቀን የምትናከስ ትንኝ ናት።

ዴንጊ ከዛሬው ርዕሳችን ጋር የሚገናኘው በደም በኩል ነው። ደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ የደም ሥር ሲሰነጠቅ ቀድመው የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። በጤነኛ ሰው አንዲት ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይገኛሉ። ዴንጊ በያዘው ሰው ይህ ቁጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ በኃይል ሊወርድ ይችላል። ያኔ ድድ ይደማል፣ አፍንጫ ይነስራል፣ ቆዳ ላይ እንደ መርፌ ነጥብ ቀያይ ነገር ይወጣል፣ የሴት የወር አበባ ይበረታል።

እናቶች በተለይ ይህን ያዙልኝ። የዴንጊ ትኩሳት ሲወርድ ቤተሰብ «ተሻለው» ብሎ ይረጋጋል። ክፉው ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ውስጥ። ትኩሳቱ ወርዶ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ትውከቱ ካላቆመ፣ ድዱ ከደማ፣ ከፈዘዘ ወይም እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ እዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ሁለተኛው ነገር መድኃኒት ነው። ትኩሳት ሲይዘን ወደ መድኃኒት ቤት ሄደን «መርፌ ውጉኝ» ማለት ልማዳችን ሆኗል፤ የሚወጋውም አብዛኛውን ጊዜ ዳይክሎፌናክ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፒሪን የፕላትሌትን ሥራ ያውካሉ፣ ጨጓራንም ያደማሉ። ዴንጊ በሚነሳበት አካባቢ ላተኮሰው ሰው ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው የሚሰጠው።

ኤዴስ የምትራባው ረግረግ ውስጥ ሳይሆን ቤታችን ውስጥ ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ ነው፤ በርሜል፣ ክዳን የሌለው ሮቶ፣ ውጭ የተጣለ ጎማ። እንቁላሏን ከውሃው ጠርዝ በላይ በዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ ዕቃው ቢደርቅ እንኳ እንቁላሉ ለወራት ሳይሞት ቆይቶ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም። በሳምንት አንድ ቀን የበርሜሉን ውስጥ በብሩሽ ፈግፍጎ ማጠብ፣ ከዚያም መክደን ነው። ውሃ በሚቸግርበት አገር «አታጠራቅሙ» ማለት ቀልድ ነው፤ «ክደኑ» ማለት ግን ይቻላል።

ደም እያፈሰሱ የሚገድሉ ትኩሳቶች ታሪካችን ውስጥ አሉ። ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳው ቢጫ ወባ 100 ሺህ ያህል ሰው አሞ 30 ሺህ ያህል እንደገደለ ተገምቷል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለእሱ ዛሬ ክትባት አለ። ትኩሳትና መድማት አንድ ላይ ሲመጡ ግን የበሽታው ስም እስኪታወቅ ድረስ ደሙን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ወዲያው ትስማ።

አሁን ወደ ንክሻው። የቆላ ሰው ስለ እባብ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር። በደረቁ ቆላችን ድንጋይና ቁጥቋጦ ሥር የሚኖር፣ አጭርና ወፍራም፣ ሲቆጣ ሰውነቱን ጠምዝዞ ቅርፊቱን እርስ በርሱ እየፈተገ የመጋዝ ድምፅ የሚመስል የሚያሰማ እፉኝት አለ። የእሱ መርዝ የሚያጠቃው ደምን ነው። መርዙ ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን በሰውነት ውስጥ እያባከነ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ደሙ ውሃ ይሆናል። የነከሰው እግሩን ነው፣ የሚደማው ግን ድዱ ነው። ሌሊት የተነከሰ ሰው እሾህ የወጋው መስሎት ይተኛል፤ በማግሥቱ ምራቁ ደም ይሆናል፤ ሁለቱን ነገር የሚያገናኝለት አያገኝም።

ይህን ለማወቅ የተራቀቀ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ደም ከክንዱ ተቀድቶ ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ይደረጋል፤ ማንም ሳይነካው ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ጊዜ ዘንበል ይደረጋል። የረጋ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ደሙን ይዞታል ማለት ነው፣ የእባብ መርዝ ማርከሻም ያስፈልገዋል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል፤ ብርጭቆ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ ደግሞ የተነከሰውን ቦታ በምላጭ መብጣት ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ደሙ የማይረጋን ሰው መብጣት መግደል ነውና። ማሰርና መምጠጥም አይጠቅምም። እግሩን በእንጨት ደግፎ፣ ሳያስኬዱ ተሸክሞ ወደ መኪና ማድረስ ነው።

ቀጥሎ ምግብ። ቫይታሚን ሲ ያጣ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ድዱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይደማል፤ እግሩ ላይ የበለዘ ነገር ይወጣል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ የዳነ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል። ስከርቪ ይባላል። የድሮ መርከበኞች በሽታ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የእኛም ነው። በ1977 ዓ.ም ገደማ ሶማሊያና ሱዳን ውስጥ በስደተኛ ካምፕ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በስከርቪ ወረርሽኝ ተመትተዋል፤ በኋላም ከሐርጌሳ ጦርነት ሸሽተው ጅጅጋ አጠገብ ሐርትሼክ የሰፈሩ ሶማሌዎች ላይ ታይቷል። በረሃብ ብዛት አልነበረም። እህል፣ ዘይትና ስኳር ይሰጣቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ ግን አንዱም ቫይታሚን ሲ የለውም። ካምፕ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆዩት፣ አረጋውያንና በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች የበለጠ ተጎዱ።

እነዚህ ሰዎች ከመፈናቀላቸው በፊት በረሃ ሲኖሩ ለምን አልታመሙም? ዋነኛው መልስ የግመል ወተት ነው። የግመል ወተት ከላም ወተት እጥፍ ድርብ የሚሆን ቫይታሚን ሲ አለው፤ ፍራፍሬ በማይበቅልበት አገር የኢሳንና የሌላውን አርብቶ አደር ድድ ጠብቆ ያኖረው እሱ ነው። አባቶቻችን ይህን በስሙ ባያውቁትም ኖረውበታል። ድርቅ መጥቶ ግመል ሲያልቅ ግን የሚጠፋው ሀብት ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ በእርዳታ ስንዴ ሲተርፍ ድዱ መድማት ይጀምራል፤ «ስንዴው አልተስማማንም» ይባላል። ስንዴው አልጎዳቸውም፤ ከስንዴው ጋር ሊኖር ሲገባው ያልመጣ ነገር አለ። አንድ ጥሬ ቃሪያ፣ ግማሽ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ የበለስ ፍሬ፤ ከእነዚህ አንዱ በየቀኑ ቢገኝ ስከርቪ ቤት አይገባም። ረጅም ሰዓት የተቀቀለ አትክልት ቫይታሚኑን ያጣል፤ ጥሬውን መብላት ነው የሚያዋጣው። እርዳታ በሚታደልበት ጊዜ ስለ ቃሪያና ሎሚ የሚናገር ሰው ስብሰባው ላይ አለመኖሩ ያሳዝነኛል፤ እናንተ ተናገሩ።

ከአፍ የሚወጣ ደም ከጉበት ሕመምም ይመጣል፤ ስለ ጉበት ስናወራ ደግሞ ጫትን ማለፍ አይቻልም። ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን አብዛኛውን የሚሠራው ጉበት ነው። ጉበት ሲዳከም ድድ በትንሽ ነገር ይደማል፣ ቁስል አልደርቅ ይላል፤ ሲብስም ከጉሮሮ በታች ያሉ ያበጡ ደም ሥሮች ይፈነዱና ሰውየው ደም በገፍ ያስታውካል። ሐረር ውስጥ ሐኪሞችን ለዓመታት የሚያስቸግራቸው ነገር ነበር፤ መጠጥ የማይጠጣ፣ የሄፓታይተስ ቫይረስም ያልተገኘበት ወጣት ጉበቱ ተጎድቶ ይመጣል። በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት ጫት መቃም፣ በተለይ ለወንዶች፣ ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል፤ በበዛና በቆየ መጠንም አደጋው ይጨምራል። በዚህ አካባቢ ጫት ኑሮም ልማድም መሆኑን አውቃለሁ፤ ስንቱን ቤተሰብ እንደሚያበላም አውቃለሁ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ ድዱ የሚደማ ቃሚ ግን «ምርቃናው ነው» እያለ ቀን መግፋት የለበትም። ሄፓታይተስ ቢም በአገራችን ሰፊ ነው፤ ለሕፃናት በሚሰጠው ፔንታቫለንት ክትባት ውስጥ መከላከያው ስላለ ክትባቱን አታስተጓጉሉ።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። ለልብ ሕመም ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው መጠኑ ከበዛበት ድዱ ይደማል፤ ካልታወቀ ዱቄት ወይም ሥር ጋር ሲደባልቀው ደግሞ ይብሳል። ሌላው የሚደበቀው ነገር እንጥል ማስቆረጥ ነው። ሕፃኑ እየደማ ይመጣል፣ እናት ትጠየቃለች፣ ትፈራና «እንዲሁ ነው» ትላለች፤ ሐኪሙ የሌለ በሽታ ሲፈልግ ሰዓት ያልፋል። ማንም አይቀጣችሁም፤ ንገሩን። ወንድ ልጅ የወተት ጥርሱ ወልቆ ቀናት ሙሉ ከደማ ደግሞ ሲገረዝ እንዴት እንደነበረ አስታውሱ፤ ከእናቱ ወንድሞች መካከል በመድማት የሞተ ወይም ጉልበቱ እያበጠ የሚያስቸግረው አለ ወይ? ሄሞፊሊያ የሚባለው በሽታ በእናት በኩል ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ስለሆነ የአጎቶች ታሪክ ከብዙ ምርመራ ይቀድማል።

ድድ ራሱ ታሞ የሚደማው ከሁሉ ይበዛል፤ ስለ እሱ ግን አላረዝምም። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ሲቆይ ይጠጥራል፣ ድዱን ያስቆጣል፤ ሲቦረሽ ወይም ሲፋቅ ይደማል። ሰው ደም ሲያይ መፋቁን ይተዋል፤ ቆሻሻው ይበዛል፤ መድማቱም ይብሳል። መፋቂያችን መልካም ነገር ነው፤ ጫፉ ታኝኮ ለስልሶ፣ ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ፣ የውስጡም ጎን ሳይረሳ ከተፋቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡ ይታያል። ነፍሰ ጡር ሴት ድዷ ቶሎ ቢደማ በሆርሞን ምክንያት ነው፤ ከወለደች በኋላ ይሻላታል፣ ጥርሷን ግን ማጽዳት አትተው።

ደሙ ከየት እንደመጣ መለየትም ይጠቅማል። ከሳል ጋር አረፋ ይዞ የሚወጣ ደማቅ ደም ከሳንባ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል፣ ማታ የሚያልበውና የሚከሳ ሰው የቲቢ ምርመራ ያድርግ። የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ትውከት ከጨጓራ ነው። ሲተኙ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ደም ብዙ ጊዜ ከአፍንጫ ነው። ከአፍ መድማት ጋር ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳ፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ መገርጣት ወይም የንፍፊት ማበጥ ካለ የደም ሴሎች ቆጠራ መደረግ አለበት፤ የደም ካንሰር አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታየው ድድ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስልም፣ ባያምም እንኳ፣ ይታይ።

ደሙ አልቆም ካለ ሰውየው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ አጋድማችሁት ደሙን እንዳይውጥ፣ እንዳይታነቅም። የሚደማው ቦታ ከታየ ንጹሕ ጨርቅ አጥፋችሁ እዚያ ላይ አስር ደቂቃ ሳታነሱ ተጫኑ። የሚቀየር ልብስና ስንቅ ለመያዝ ስትሯሯጡ አትዘግዩ። ይልቅ የወሰደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ፤ መጀመሪያ የደማበትን ቀን አስታውሱ፤ አብሮት ውሃ ሲጠጣ ወይም ከብት ሲጠብቅ የነበረ ሰው አብሮ ይምጣ። ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ደርሳችሁ ሐኪሙ ምንም ሳይጠይቅ ወረቀት ሊጽፍ ቢጀምር በአክብሮት «ዶክተር፣ ከኩሬ ነው የሚጠጣው፤ ጉሮሮውን በባትሪ እይልን» በሉት። ማንም ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት የእናንተ ነው። በሶማልኛና በኦሮምኛ የሚመልሱ ባልደረቦች አብረውን ተቀምጠዋል፤ ደም የሚተፋ ልጅ ቤት ውስጥ ያላችሁ እናቶች ቅደሙና ጠይቁ።